ሳይሰጡን አንቀመጥም

የዘሃራን ሞት የሰማሁት ከሸጎሌ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቄ ተቀምጬ ነው። ሸጎሌ የሄድኩት በግ ልገዛ አልነበረም፤ የምገዛበት አቅምም፣ ብገዛ የማኝክበት ጥርስም የለኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የበግ ላት መዳበስ፣ ነጋዴውን ማድከምና ባዶ እጅ መመለስ እንደ ሥራ ሆኖልኛል። ስልኬ ጮኸ። የእድራችን ጸሐፊ ነው።

«ጋሽ በቀለ፣ እትዬ ዘሃራ አረፉ። ቀብሩ ዛሬ ነው፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ።»

አፌ አልታዘዝልህ አለኝ። ሳላስበው ሌባ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ። ስልክ ላይ ያለ ሰው ጣት እንደማያይ አውቃለሁ፤ የዚያን ያህል አላረጀሁም። ያየኝ ግን ረዳቱ ነበር።

«ወራጅ አለ!»

ሹፌሩ ጥግ ያዘ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «አይ፣ አልወርድም» ማለት አፈርኩና ወረድኩ። የቀረውን መንገድ አንዴ እያለቀስኩ አንዴ እየሳቅኩ በእግሬ ያዝኩት። ያቺ ጣት የእኔ አልነበረችማ! የዘሃራ ነበረች።

ዘሃራ ዕድሜዋን ሙሉ ያገለገለችው በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የአለቃ ጸሐፊ ሆና ነው። አለቆች ሲሾሙና ሲሻሩ እሷ ከበሩ አጠገብ አልተነቃነቀችም። ባለጉዳይ ሲንደረደር ይመጣል፤ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ ታደርግና ያቺን ጣት ትቀስራለች። «አንዴ።» በቃ፣ ባለጉዳዩ እዚያው ይተከላል። ጡረታ ወጥታ ወደ ሰፈራችን ስትጠቃለል ጣቷን ይዛ መጣች። አትክልት ሻጩም፣ ውሻውም፣ እኔም ለዚያች ጣት ቆመናል።

ሰፈራችን ከሽሮ ሜዳ ወደ ቀጨኔ በሚያወርደው በኩል ነው። መንገድ እንለዋለን እንጂ ዳገት ነው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት የሳሙና ሙልጭልጭታ። እኔ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከጉልበቴ ግማሹን የስፌት መኪናው ፔዳል ወሰደው፤ የቀረውን ዳገቱ በየቀኑ እየቆነጠረ ጨረሰው።

የዘሃራ ቤት ከዳገቱ አናት ላይ ነው። ባሏ ሐጂ ሙህዲን የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ከዳው። ግራ እጁ ሚስማር ላይ እንደ ተሰቀለ ጋቢ ይንጠለጠላል፤ ግራ እግሩ ይጎተታል። ሜዳ ላይ በከዘራ ይንቀሳቀሳል፤ ዳገቱን ግን አይሞክራትም። መስጊዱ ያለው ከታች ነው። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ሐጂ ይታጠባል፣ ነጩን ጀለቢያ ይለብሳል፣ ኮፍያውን ያስተካክላል፤ ከዚያ በሩ ላይ ተቀምጦ አዛኑን ያዳምጣል። ለዓመታት እንዲህ ኖረ። አለመሄዱ አልነበረም እኔን የሚያንገበግበኝ፤ ለብሶ መቀመጡ ነበር። «ሐጂ፣ ዛሬ ደግሞ ሙሽራ መስለሃል» ብዬ እቀልዳለሁ። ይስቅልኛል። ዘሃራ ግን ፊቷን ታዞራለች።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት፣ በእማማ ብርቄ ቀብር ዕለት ነው። ዝናብ አድሮበት ጭቃው አፉን ከፍቷል። ወጣቶቹ «ጋሽ በቀለ፣ እርስዎ ይቅርብዎት» ቢሉኝ፣ ገና ጎረምሳ ነኝ ብዬ የሳጥኑን ፊት ያዝኩ። ጥቂት እንደ ወረድን እግሬ ከዳኝ። በቂጤ ተቀምጬ ቁልቁል ነጎድኩ። ካህናቱን አለፍኩ፣ ጥላ የያዙትን አለፍኩ፣ ከሟቿ ቀድሜ ታች ደረስኩ። ሳጥኑ ወደ ፊት ተንጋደደ። ወጣቶቹ በደረታቸው ባይደግፉት ኖሮ... የሟቿ ልጅ «እናቴን! እናቴን!» ብላ የጮኸችው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ሁላችንም ጭቃ ተቀብተን ተቀምጠናል። ዘሃራ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ጣቷን ቀሰረች።

«አንዴ።»

ድንኳኑ ሁሉ ወደሷ ዞረ።

«ሞቶ እንኳን በክብር መውረድ የማይቻልበት ሰፈር ነው የምንኖረው። ነገ እድሩ ቤት እንገናኝ። ማልቀስ የሚፈልግ አይምጣ፤ ማቀድ የሚፈልግ ይምጣ።»

የመጣው ሰው የእድሩን ቤት ሞልቶ በር ላይ ፈሰሰ። ጉድ ነው! ሁሉም የታመቀውን ይዞ መጣ። አንዱ መብራት ይላል፣ አንዷ ውሃ ትላለች፣ ሌላው መጸዳጃ ቤት። እኔ ደግሞ መንገዱ በአባቴ ስም ይሰየም አልኩ። ዘሃራ ሁሉንም አስጨርሳ ሰማችና አንገቷን ነቀነቀች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምንጠይቀው። ሁለት ከጠየቅን ቀላሉን ይሰጡንና ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ፤ ከባዱ ይቀራል። ይሄንን በዓይኔ ሳየው ነው የኖርኩት። ደረጃ፣ በሁለቱም በኩል የብረት መደገፊያ ያለው። ሌላው ለሌላ ጊዜ።»

«በአንድ በኩል አይበቃም?» አለ አንዱ።

«አይበቃም።»

ለምን እንደማይበቃ አልተናገረችም። የሚደፍር ጠፍቶ ማንም አልጠየቃትም።

«የሐጂንም ነገር እናንሳላቸዋ፤ አንጀት ይበላል» አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት።

የዘሃራ ፊት ጠቆረ። «ባሌን ካነሳችሁ የዘሃራ መንገድ ይሆናል። ለዘሃራ መንገድ ማንም በጀት አይዝም። የሁላችንም ከሆነ ግን ሙህዲንም ከሁላችን አንዱ ነው።»

ቀጥላ ሰፌድ አስመጣችና ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ዘርግፋ ትለያቸው ጀመር። ባቄላው ከእኛ ጋር ያለው ሰው ነው፤ ሽምብራው የሚቃወመን፤ ምስሩ ደግሞ መኖራችንንም የማያውቅ። «የሚወስነው ማን ነው? የሚወስነውን ሰው ጆሮ ያገኘው ማን ነው? በሩን የሚከፍተውስ?» ለእያንዳንዱ ስም አንድ ፍሬ ታስቀምጣለች። ወጣቶቹ «ይሄማ ሎቢ ነው እኮ፣ ባለሥልጣን የማግባባት ሥራ!» ብለው ተንጫጩ። እኔም ልቤ ዘለለ፤ ከስንት ዘመን በኋላ ነገ የምነሳበት ጉዳይ አገኘሁ።

«እኔስ የቱ ነኝ?» አልኳት።

«አንተ ጠጠሩ ነህ በቀለ። ቆይ፣ ትለቀማለህ።»

ትልቁ ሽምብራ ጋሽ ማቴዎስ ነበር። ከላይ ሰፈር የሚኖር፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ባለመኪና። እሱና ጎረቤቶቹ ወረዳው ለሰፈራችን መንገድ በሚመድበው በዚያው በጀት በጓሯቸው በኩል ያለው የመኪና መንገድ እንዲሰፋ ይሟገታሉ። ሁለቱ አብረው አይሠሩም፤ አንደኛው መቅረቱ ነው። እኔ በየቡና ቤቱ ስሙን ላጠፋ ተዘጋጅቼ ነበር። ዘሃራ ክንዴን ይዛ ቤቱ ወሰደችኝ።

«እምቢ ያለህን ሰው አትሳደብ፤ ጉዳይህ እሱ እጅ ነው ያለው» አለችኝ በመንገድ ላይ። «አንተ ዝም ብለህ ሻይህን ጠጣ።»

ጋሽ ማቴዎስ በክብር ተቀበለን። ዘሃራ ስለ ልጆቹ ጠየቀች፣ ስለ መኪናው ጤና ጠየቀች፣ ከዚያ ድንገት፦

«እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያናችሁ የሚመጡት እናቶች ከየት በኩል ነው የሚመጡት?»

«ብዙዎቹ ከቀጨኔ... በዳገቱ» አለ።

«ኪቦርዱንስ መዘምራኑ በየት ነው የሚያመጡት?»

ጋሽ ማቴዎስ ሻዩን አስቀመጠ። «በዳገቱ፤ በራሳቸው ተሸክመው። አምና ወድቆ ተሰበረ።»

«መኪናህማ አሁንም ደጅህ ይገባል። እናቶቹ ናቸው የማይገቡት። በል እንግዲህ፣ ሰብሳቢያችን ሁንልን።»

ትን ያለኝ እኔ ነኝ! ሰብሳቢነቱን ለራሴ አስቤው፣ ሱፌን አስተኩሼ ነበር። ስንወጣ አኮረፍኩ።

«ተቃዋሚን ሰብሳቢ ታደርጊያለሽ? እኔን የመሰለ ሰው እያለ?»

«አንተ ብትሰበስበን እሱ ይቃወመናል። እሱ ሲሰበስበን አንተ ታኮርፋለህ። የማንኛችሁ ይብሳል?»

እውነቷን ነው። የእኔ ኩርፊያ እስከ ምሳ ነው የምትቆየው። ጋሽ ማቴዎስ ደግሞ ካመነበት ወዲያ በዚያ የስብከት ድምፁ ሰፈሩን ሁሉ ገልብጦ አመጣልን።

ከዚያ ልምምድ ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ዘሃራ ግቢ እንሰበሰባለን። እሷ የወረዳውን የመንገድ ኃላፊ ትሆናለች፤ እኛ ባለጉዳይ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተዘርግታ፣ ንግግራችን መሃል ላይ በሌለ ስልክ ታወራለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ ታዛጋለች። ሐጂ በሩ ላይ ሆኖ ሲያየን እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እኔ ተራዬ ሲደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ይህ ሰፈር በጃንሆይ ዘመን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ጊዜዎት አልቋል አባቴ፣ ቀጣይ!»

«ኧረ ገና ጃንሆይ ላይ ነኝ!»

«እሱ እኮ ነው ችግሩ፤ እኔ ያለሁት ዛሬ ላይ ነው። ማን ወደቀ? የት ወደቀ? ምን እንዳደርግ ነው የምትፈልገው? ከዚያ ዝም። ደግሞ እንዳታለቅስ፤ ካለቀስክ ሶፍት ሰጥቶ ይሸኝሃል።»

ቀጠሮውን ያገኘችውም በራሷ መንገድ ነው። ለኃላፊው አልደወለችም፤ ለጸሐፊዋ እንጂ። በስሟ ጠርታ፣ «ልጄ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ወገቤን የጨረሰው እሱ ነው፤ ትራስ አድርጊበት» አለቻት። ቀጠሮ ተያዘ።

አሁን የእኔ ታላቅ ሐሳብ መጣ። አዎ፣ የእኔ ነው፤ ሌላ የምኮራበት ስለሌለኝ ይመዝገብልኝ። «ሴት ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ እኮ መልስ ሳይሰጠው አይቀመጥም። እኛም እንደዚያ እንግባ። ተቀመጡ ሲለን፣ ሳይሰጡን አንቀመጥም እንበለው» አልኩ። ዘሃራ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ አየችኝ። «ጠጠሩ ባቄላ ሆነ!» አለችና እጄን ጨበጠችኝ። ያን ለታ ማታ እራት አልበላሁም፤ ኩራት አጥግቦኝ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ጋቢያችንን ተከናንበን ቢሮው ውስጥ በመደዳ ቆምን። ኃላፊው ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ትሑት። «አረፍ በሉ አባቶች፣ እናቶች» አለ። ጋሽ ማቴዎስ በዚያ ድምፁ «አንቀመጥም፤ ሳይሰጡን አንቀመጥም» አለ። ወጣቱ ወጉን የሚያውቅ የሰው ልጅ ነው፤ ፈገግ ብሎ እሱም ተነስቶ ቆመ። አንድ በአንድ እንደ ተለማመድነው ተናገርን። የእማማ ብርቄን ልጅ ስናነሳ ብዕሩን አስቀመጠ። እየሰመረ ነው!  ኃላፊው አገጩን እያሻሸ ያስባል፤ ያስባል፤ ኧረ አሁንም ያስባል።

ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በቀለ ቻል፣ ሐሳቡ ያንተ ነው እላለሁ። ቀኙ ከዳኝ፣ ወደ ግራው ዞርኩ። ግራውም ከዳኝ። ከኋላዬ አንድ ለስላሳ ሶፋ አለ፤ ሲጠራኝ ይሰማኛል። እና... ተቀመጥኩ። ያውም «እፎይ!» ብዬ።

 ጋሽ ማቴዎስ ጥርሱን ሲያፋጭ ሰማሁት። ኃላፊው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት፣ «እንግዲህ ሽማግሌው ከተቀመጡ መልሱን ተቀብለዋል ማለት ነው። ለሚቀጥለው ዓመት በጀት እናየዋለን» አለና ወንበሩን ሳብ አደረገ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወደ ሐጂ ቤት በምን ፊቴ እመለሳለሁ?

ዘሃራ ጣቷን ቀሰረች።

«አንዴ፣ ልጄ። እሱ የተቀመጠው መልስ አግኝቶ አይደለም። ጉልበቱ አልቆ ነው። ጉልበቱን የጨረሰውን ደግሞ ልንነግርህ ነው የመጣነው። እኛ ሌሎቻችን ገና ቆመናል።»

ኃላፊው ሊቀመጥ ግማሽ ከወረደበት ቀጥ አለ። እኔን አየኝ፤ በሁለት እጄ ጉልበቴን ይዣለሁ። ከዚያ የቆሙትን አየ። ቀስ ብሎ ወንበሩን መልሶ ገፋው።

«መቼ ልምጣና ልየው?» አለ።

«ዝናብ ሲዘንብ» አለች ዘሃራ። «መኪናህን ታች አቁመህ።»

መጣ። ዝናቡም አላሳፈረንም፤ እንደ ጉድ ወረደ። በዚያ በተወለወለ ጫማው ዳገቱን ሲጀምር እኔ ከታች ሆኜ እግዜርን ለመንኩ፦ ክፉ ነገር እንዳያገኘው፣ ትንሽ ግን እንዲንሸራተት። ሁለቱንም ሰማኝ። አናት ላይ ሲደርስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ዘሃራ እጁን የሚታጠብበት ውሃ አቀረበችለትና አንድ ቃል አልጨመረችም።

ሥራው ከዚያው ዓመት በጀት ተያዘለት። ብረቱ ላይ ሲደርስ ግን ኃላፊው ብረት ተወዷል፣ በአንድ በኩል ይሁን አለ። ዘሃራ ሦስተኛ ሰው ሳትልክ ራሷ ሄደች። «የሚወርድና የሚወጣ ሲገናኝ ማንኛው ይልቀቅ? የደረጃውን ወርድ ቀንሰው፤ መደገፊያው ግን ሁለት ነው» ብላ አስፈርማ ተመለሰች። ኃላፊው በገዛ ፈቃዱ ሌላም ነገር ጨመረልን፤ ከደረጃው እኩሌታ ላይ የሲሚንቶ መቀመጫ አሠራ። «ለተቀመጡት አባት» አለ። ልጆቹ እስከ ዛሬ የበቀለ ሶፋ ይሏታል።

ደረጃው ባለቀ በመጀመሪያው ጁምዓ ሰፈሩ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ቆመ። ሐጂ ነጩን ለብሶ ብቅ አለ። ከዘራውን ለዘሃራ ሰጣት፣ ቀኝ እጁን ብረቱ ላይ አሳረፈ። አንድ እግር ያወርዳል፣ ሌላውን ይጎትታል። ዘሃራ አንድ ደረጃ ቀድማው ፊቷን ወደሱ አዙራ ወረደች። ጋሽ ማቴዎስ «ጌታ ይመስገን!» ይላል፣ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ እማማዎቹ እልል ይላሉ። ታች ሲደርስ ጭብጨባው እስከ ሽሮ ሜዳ ሳይሰማ አይቀርም።

ከሶላት መልስ ነው የገባኝ። ሐጂ ሊወጣ ሲል ወደ ሌላኛው ብረት ተሻገረ። ሲወርድ በቀኙ የነበረው ብረት ሲወጣ በግራው ይሆናል፤ በዚያች በማትሠራው እጁ በኩል። በአንድ በኩል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ይወርድ ነበር፤ ቤቱ ግን አይመለስም ነበር። ዘሃራን ዞሬ አየኋት። ማየቴን አየች። ጣቷን ወደ ከንፈሯ አመጣች።

ከዚያ ወዲህ አንድም ጁምዓ አላመለጠውም።

ይሄው ዛሬ ጀናዛዋን በዚያው ደረጃ አወረድነው። እኔን ማንም ያዝ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጋሽ ማቴዎስ ፊት ነበር፤ ወጣቶቹ እየተቀባበሉ ፈጠን ፈጠን እያሉ ወረዱ። እወድቃለሁ ብሎ እግሩን ያየ አልነበረም። ሐጂ በቀኝ እጁ ብረቱን ይዞ ከኋላ ተከተላት።

ከመቃብር ስንመለስ ወደ ሌላኛው ብረት ተሻገረና መውጣት ጀመረ። እኔ ከኋላው ነኝ፤ ቢወድቅ ልይዘው ሳይሆን አብሬው ልወድቅ። እኩሌታው ላይ፣ መቀመጫዬ ጋ ስንደርስ ቆመ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«በቄ፣ ተቀመጥ፤ ጉልበትህን» አለኝ።

«አንተ ቅደም ሐጂ። ደክሞሃል።»

ራሱን ነቀነቀ። ብረቱን እንደ ያዘ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

«ለሷ የምለምነው አለኝ። ሳይሰጠኝ አልቀመጥም።»

ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ያቺ ሲሚንቶ ከኋላዬ ትጠራኛለች። አልሰማኋትም። ብረቱን በሁለት እጄ ጨብጬ ከጎኑ ቆምኩ።